ስለ በራሪ ሳሕኖች መንግሥት ያወጣው መግለጫና የተጠራጣሪዎች ግምት

የታሪክ ተመራማሪ አንድ የመንግሥት መግለጫ በእጁ በገባ ጊዜ «የተነገረው ነገር እውነት ነውን?» ብሎ ብቻ አይመረምርም፤ «ነገሩ በዚህ ቀንና በዚህ አኳኋን እንዲነገር ያደረገው ምክንያት ምንድን ነው?» ብሎም ይጠይቃል። መንግሥታት ከሚያውቁት ብዙ ነገር ለሕዝብ የሚገልጡት ጥቂቱን ብቻ ነውና፣ ዝም ለማለት ሲችሉ በተናገሩ ጊዜ ሰሚው ምክንያቱን ቢሻ አይፈረድበትም። ከዚህም የተነሣ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር በሰማይ ሲበር ታየ ተብሎ ከመንግሥት በኩል በተነገረ ቍጥር፣ ከአድናቂዎች ጎን ተጠራጣሪዎችም ተነሥተዋል። የተጠራጣሪዎቹም ግምት በሦስት ይከፈላል። አንደኛው፣ ወሬው የሚወጣው ምስጢራዊ መሣሪያን ለመሸፈን ነው ይላል፤ ሁለተኛው፣ ገንዘብ ለማስፈቀድ ነው ይላል፤ ሦስተኛው፣ የሕዝቡን አሳብ ከሌላ ጉዳይ ለማራቅ ነው ይላል። ከሦስቱ የትኛው በማስረጃ እንደሚጸና ለመመርመር ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው የአሜሪካ ታሪክ ነው፤ በዚያ አገር ምስጢር የነበሩ ብዙ ሰነዶች ከጊዜ በኋላ ተገልጠዋልና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ጁን 24 ቀን 1947 ነው። ኬኔት አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ በሬኒየር ተራራ አጠገብ ሲበር፣ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች እጅግ ፈጥነው ሲያልፉ ማየቱን ተናገረ። አካሄዳቸውን በውኃ ላይ እየነጠረ በሚሄድ ሳሕን ስለ መሰለው፣ ጋዜጦች «በራሪ ሳሕኖች» የሚል ስም አወጡላቸው። በሁለተኛው ሳምንት፣ ጁላይ 8 ቀን፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት በሮዝዌል የነበረው የጦር አየር ሰፈር ከአንድ የከብት ርቢ ቦታ በራሪ ሳሕን አግኝቶ መረከቡን በመግለጫ አስታወቀ። መግለጫውን ያወጣው ተራ የጦር ክፍል አልነበረም፤ በዚያ ጊዜ የአቶሚክ ቦምብ ለመጣል የተዘጋጀ በዓለም ላይ ብቸኛው ክፍል ነበር። ነገር ግን ዕለቱ ሳያልፍ በቴክሳስ የነበሩት የበላይ አዛዥ ጄኔራል ሮጀር ሬሚ፣ የተገኘው የአየር ጠባይ መመርመሪያ ፊኛ ስብርባሪ ነው ብለው የፊተኛውን ቃል ሻሩት።

የጉዳዩ ምስጢር በይፋ የተገለጠው ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። የአሜሪካ አየር ኀይል በ1994 ባወጣው ዘገባ፣ ስብርባሪው ሞገል በተባለው ምስጢራዊ ሥራ ከተለቀቁት ፊኛዎች የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር አስታወቀ። የሥራው ዓላማ የድምፅ መቀበያ መሣሪያ በከፍተኛው አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ሶቪየት ኅብረት የአቶሚክ ቦምብ ስትፈትን የፍንዳታውን ድምፅ ከሩቅ ማዳመጥ ነበር። ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያውን ቦምብ የፈተነችው በኦገስት 1949 ነውና፣ በ1947 ይህ እጅግ የሚጠበቅ ምስጢር ነበር። እንግዲህ ሁለቱ መግለጫዎች ሲመዘኑ፣ የፊተኛው ስለ ሞገል ምንም የማያውቁ ሰዎች የፈጸሙት የችኰላ ስሕተት ሆኖ ይገኛል። የኋለኛው ግን ግማሽ እውነት ነበር። ፊኛ መሆኑ ልክ ነው፤ ለአየር ጠባይ ምርመራ የተላከ ነው መባሉ ግን ልክ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ግምት ይበልጥ የሚደግፈው የዩ-2 የስለላ አውሮፕላን ታሪክ ነው። ይህ አውሮፕላን በኦገስት 1955 መብረር ሲጀምር፣ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከ3,000 እስከ 6,000 ሜትር ከፍታ ሲበሩ እርሱ ከ18,000 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። ፀሐይ ጠልቃ ምድሩ በጨለመ ጊዜ እንኳ የላይኛው ብርሃን በብርማ ክንፎቹ ላይ ስለሚያበራ፣ ከታች ያሉ አብራሪዎች እሳት የሚመስል ነገር አየን ይሉ ነበር። በ1997 በአሜሪካ ማዕከላዊ የስለላ ድርጅት የጥናት መጽሔት የወጣ ጽሑፍ እንደሚለው፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ከቀረቡት እንዲህ ካሉ ወሬዎች ከግማሽ የሚበልጡት በስለላ በረራዎች የተነሡ ናቸው። አየር ኀይሉም ምክንያቱን እያወቀ፣ የታየው የበረዶ ቅንጣት ወይም የአየር ሙቀት መለዋወጥ ያመጣው ነው እያለ ይመልስ ነበር።

ይሁን እንጂ ምስጢርን መሸፈንና ወሬን መንዛት አንድ አይደሉም። በነዚያ ዓመታት መንግሥቱ የሚሻው ወሬው እንዲበርድ እንጂ እንዲሰፋ አልነበረም። በጁላይ 1952 በዋሽንግተን ከተማ ሰማይ ላይ በራዳር የታየ ነገር ጋዜጦችን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ የስለላው ድርጅት በጃንዋሪ 1953 በሊቁ በሮበርትሰን የሚመራ የሳይንስ ሰዎች ጉባኤ ሰበሰበ። ጉባኤውም የወሬው ብዛት የአደጋ ማስታወቂያ መስመሮችን እንዳያጨናንቅ ስለ ሰጋ፣ ሕዝቡ እየተማረ ነገሩን መደነቅ እንዲተው መከረ። አየር ኀይሉ ምርመራውን በ1969 ሲዘጋ፣ ከ12,618 ወሬዎች ምንነታቸው ያልታወቀ ሆኖ የቀሩት 701 ነበሩ። ደግሞም ዩ-2 ከ1955 በፊት አልነበረምና፣ የ1947ንና የ1952ን ወሬ በእርሱ ማመካኘት አይቻልም። ወሬ ሆን ተብሎ የተዘራበት ጊዜ ግን አልታጣም። በጁን 2025 ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ እንደ ዘገበው፣ በ1980ዎቹ አንድ የአየር ኀይል ኮሎኔል ምስጢራዊ አውሮፕላንን ለመሸፈን ሲል በኔቫዳ ለሚገኝ መጠጥ ቤት ባለቤት ሐሰተኛ የበራሪ ሳሕን ፎቶግራፍ ሰጥቷል። ይህም በመንግሥት ማኅተም የወጣ ቃል ሳይሆን በመጠጥ ቤት የተዘራ ሹክሹክታ ነበር።

ሁለተኛው ግምት ስለ ገንዘብ የሚናገረው ነው። በዲሴምበር 2017 ኒው ዮርክ ታይምስ፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለዚህ ምርመራ 22 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱን ገለጠ። በጁን 2021 ስለ 144 ሁኔታዎች የመንግሥት ዘገባ ወጣ፤ ምክንያቱ የታወቀው የአንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም አየሩ እየወጣ ያለ ትልቅ ፊኛ ነው። ዘገባው ተጨማሪ ገንዘብ ምርመራውን እንደሚረዳ ስላመለከተ፣ ግምቱ ከቶ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ያ ገንዘብ በመቶ ቢሊዮኖች ከሚቈጠረው የመከላከያ በጀት አጠገብ ሲቀመጥ ኢምንት ነው፤ ዘገባውንም የጠየቀው ሕግ አውጪው ምክር ቤት እንጂ የጦሩ መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ሦስተኛው ግምት በብዙ ሰው አፍ የሚነገር ሆኖ ሳለ በማስረጃ ግን ከሁሉ የደከመ ነው። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2023 አንድ የቻይና ፊኛ ከተመታ በኋላ፣ ከ10 እስከ 12 ባሉት ሦስት ቀናት ሦስት ያልታወቁ ነገሮች በአሜሪካና በካናዳ ሰማይ ተመተው ወደቁ፤ ብዙዎችም ይህ ሕዝቡን ለማዘናጋት የተደረገ ነው አሉ። የታወቀው ምክንያት ግን፣ ራዳሩ ቀድሞ ይተዋቸው የነበሩትን ትንንሽና ዝግ ያሉ ነገሮች ጭምር እንዲያሳይ መስተካከሉ ነው። የፕሬዚዳንቱም ቃል አቀባይ ወዲያው በ13ኛው ቀን፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር ለመኖሩ ምንም ምልክት የለም ብለው ተናገሩ። ሕዝቡን በተአምር ሊያዘናጋ የፈለገ ሰው ተአምሩን በማግሥቱ አይክድም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ይህ ነው። መንግሥት ስለ ሰማይ የተናገረው አብዛኛውን ጊዜ በረቀቀ ተንኰል ሳይሆን፣ በችኰላ፣ በተጠየቀ ጊዜ፣ ወይም ምስጢር ለመጠበቅ በተሰጠ ግማሽ እውነት ነው። የግማሽ እውነት ዋጋ ግን ከባድ ነው። በማርች 2024 የመከላከያ ሚኒስቴሩ መርማሪ ክፍል ያለፈውን ታሪክ ሁሉ መርምሮ ከሌላ ዓለም ስለ መጣ መሣሪያ ማስረጃ አልተገኘም ባለ ጊዜ፣ ብዙዎች አላመኑትም፤ በ1947 የአየር ጠባይ ፊኛ ነው ያለው ያው አፍ ነውና። ትንሹን እውነት የሸፈነ ሰው ትልቁን እውነት በተናገረ ጊዜ የሚሰማው ያጣል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ተረቱ፤ ነገር ግን ጥርጣሬም ራሱ ሳይመረመር ከቀረ እንደ ሐሰት ወሬ ያሳስታል። ስለዚህ መምህር በክፍሉ ውስጥ ለተማሪዎቹ ሊያስተምር የሚገባው መጠርጠርን ብቻ ሳይሆን ጥርጣሬን መመዘንን ነው፤ ቀኑ ከቀኑ ይገጥማልን? የተጠቀመው ማን ነው? ግምቱ ሐሰት ቢሆን ኖሮ በምን ይታወቅ ነበር? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ የለመደ ልጅ መንግሥት ቢናገርም፣ የመንግሥት ከሳሽ ቢናገርም በቀላሉ አይታለልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፣ እስኪጠራ ድረስ በትዕግሥት መመርመር የተማረ ሰው ሥራ ነው።