አውራ ጣቱን ማን ዘቀዘቀው?

«ግላዲያተር» የተባለውን ፊልም ያየ ሰው፣ ንጉሡ አውራ ጣቱን ወደ መሬት ሲዘቀዝቅ «ግደለው!» ማለቱ እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ፊልሙን ለመሥራት የተነሣሣው ግን ስለ ሮም መጽሐፍ አንብቦ አይደለም፤ ፕሮዲውሰሮቹ የአንድ ሥዕል ቅጂ አምጥተው ስላሳዩት ነው። ሥዕሉ «ፖሊቼ ቬርሶ» ይባላል። ፈረንሳዊው ዣን-ሌዎን ዤሮም በ1872 የሣለው ሲሆን፣ ዛሬ በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ሙዚየም ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የጥንት ሮማውያን ጽሑፎች ተመልካቹ ጣቱን ማዞሩን ይናገራሉ፤ ወዴት እንዳዞረው ግን በግልጽ አልጻፉም። ወደ ታች አዙሮ በዓለም ሕዝብ አእምሮ ውስጥ ያስቀመጠው ሠዓሊው ነው። ሥዕሉ ኒውዮርክ ገብቶ ለሕዝብ ሲታይ ጉዳዩ ጭቅጭቅ ስላስነሣ በ1879 ስለዚያች ጣት ብቻ የሚከራከር መጽሐፍ እስከ መታተም ደርሷል።

ዛሬ አንድ ሙዚየም የዤሮምን ሥራዎች ሲያሳይ ሸራዎቹን ሰቅሎ በሩን ከፍቶ አይቀመጥም። የምሁራን ንግግር፣ የፊልም ምሽት፣ በአስጎብኚ የሚመራ ገለጻ፣ ለልጆች የሥዕል ልምምድ ያዘጋጃል። ይህ ሁሉ የዘመናችን ሙዚየሞች ገበያ ለመሳብ የፈጠሩት ማሟሟቂያ ይመስላል። ነገሩ ግን ከዤሮምም የቀደመ ነው።

የፈረንሳይ ንጉሣዊ የሥዕል አካዳሚ የአባላቱን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው በ1667 ነው። ከ1737 ጀምሮ ደግሞ ዐውደ ርእዩ በሉቭር ቤተ መንግሥት አራት ማዕዘን አዳራሽ በየጊዜው ለሕዝብ ይከፈት ጀመር፤ «ሳሎን» የሚለውን ስም ያገኘውም ከዚሁ አዳራሽ ነው። መግቢያው ነጻ ስለነበር መኳንንቱም የመንደር ነጋዴውም ይጋፉበታል። ሥዕሎቹ ፍሬም ከፍሬም ተነካክቶ እስከ ጣሪያው ድረስ ይደረደራሉ። ተመልካቹ ትንሽ መጽሐፍ ገዝቶ ቁጥሩን ከሥዕሉ እያመሳከረ ያነባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አካዳሚው ሊቆጣጠረው አልቻለም፤ ሕዝቡ ማውራት ጀመረ።

በ1747 ላ ፎን ደ ሳንት-ዬን የተባለ ሰው፣ ሠዓሊ ያልሆነ ሰውም በአደባባይ በተሰቀለ ሥዕል ላይ የመፍረድ መብት አለው ብሎ የትችት ጽሑፍ አሳተመ። ሠዓሊዎቹ ተቆጡ፤ ሥዕል የማይስል ሰው ምን አግብቶት? ከ1759 ጀምሮ ፈላስፋው ዴኒ ዲድሮ ስለ ሳሎን ሰፋፊ ዘገባዎችን መጻፍ ያዘ። የዲድሮ ዘገባ በማተሚያ ቤት አልወጣም፤ በእጅ እየተገለበጠ የሩሲያዋን ንግሥት ካትሪንን ጨምሮ በውጭ አገር ላሉ ጥቂት ደንበኞች ይላክ ነበር። እነዚያ አንባቢዎች አብዛኛዎቹን ሥዕሎች በዓይናቸው አላዩም። ሥዕልን በወሬ ማየት እንግዲህ ከጥንቱ የነበረ ነገር ነው።

ዤሮም በ1824 ቬዙል በተባለች የምሥራቅ ፈረንሳይ ከተማ ከአንጥረኛ አባት ተወለደ። በ1847 ሳሎን ላይ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት አውራ ዶሮ ሲያታግሉ የሚያሳይ ሥዕል አቀረበ፤ ገጣሚውና ሃያሲው ቴዎፊል ጎቲዬ ስላመሰገነው ያልታወቀው ወጣት ታዋቂ ሆነ። ብዕር ነው ያነሣው፤ ብሩሹ ብቻውን ያን ያህል ባልፈጠነ ነበር።

ዝናውን ወደ ገንዘብ የለወጠው ግን አማቱ ነው። ዤሮም በ1863 የሥዕል ነጋዴውን የአዶልፍ ጉፒልን ልጅ ማሪን አገባ። ጉፒል ሥዕሎችን በፎቶግራፍና በኅትመት እያባዛ በየአገሩ ይሸጥ ስለነበር የዤሮም ግላዲያተሮችና የካይሮ ምንጣፍ ሻጮች ሙዚየም ረግጦ በማያውቅ ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ቅጂው ብዙውን ጊዜ ቀለም የለውም፤ የሚቀረው ታሪኩ ነው፤ ታሪክ ደግሞ ያናግራል። ደራሲው ኤሚል ዞላ በ1867 ያፌዘው በዚሁ ነበር፦ ይህ ሰው የሚስለው ሥዕሉ በፎቶግራፍ ተባዝቶ እንዲሸጥ ነው፤ በሸራው ላይ ጉዳዩ ሁሉ ነገር ሲሆን ሥዕሉ ከንቱ ነው ሲል። ዞላ ለክፋት ቢናገረውም ዓይኑ አልሳተም።

ዤሮም በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አርባ ዓመት ገደማ አስተምሯል። አሜሪካዊው ሠዓሊ ቶማስ ኢኪንስ በዚያ ተማሪው ነበር። በኋላ የኢስታንቡልን የአርኪዮሎጂ ሙዚየም የመሠረተው ኦስማን ሐምዲ ቤይም ሥዕል የተማረው ፓሪስ ሲሆን፣ የዤሮም ተጽዕኖ በሥራዎቹ ላይ በግልጽ ይታያል። የእኛው ሠዓሊ አገኘሁ እንግዳም ዤሮም ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው በዚያው ትምህርት ቤት ተምረዋል።

እርጅናው መራራ ነበር። ኢምፕሬሽኒስቶች የተባሉትን የአዲሱ ስልት ሠዓሊዎች ሥራ መንግሥት እንዳይቀበል ተሟገተ። በ1900 የፓሪስ የዓለም ትርኢት ላይ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሉቤን በራፍ ላይ አስቁሞ፣ ወደ ኢምፕሬሽኒስቶቹ ክፍል መግባት የፈረንሳይ ውርደት ነው እንዳላቸው ይነገራል። በ1904 ሲሞት ዘመኑ ከእርሱ ቀድሞ ሞቶ ነበር። ውድቀቱን በዋጋ ማየት ይቻላል፦ «እባብ አጫዋቹ» የተባለውን ሥዕሉን አሜሪካዊው ባለጸጋ አልፍሬድ ኮርኒንግ ክላርክ በ1888 በ19,500 ዶላር ገዛው። ቤተሰቡ ሸጦት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሮ፣ ልጁ ሮበርት ስተርሊንግ ክላርክ በ1942 መልሶ ሲገዛው የከፈለው 500 ዶላር ነው።

ሳሎንና የጉፒል ኅትመት ሲደበዝዙ፣ ሕዝብን ከሥዕል ጋር የማነጋገሩ ሥራ ወደ ሙዚየሞች ተሻገረ። በቦስተኑ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጸሐፊ የነበረው ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን በ1907 ጎብኚን አጅበው የሚያስረዱ ሰዎችን አሰማራ። ይኸው ሰው በ1916 አንድ አስገራሚ ጽሑፍ አወጣ፦ አንድ ጎብኚ በሣጥን ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ለማየትና ለማንበብ ሲያጎነብስ፣ ሲንጠራራ፣ አንገቱን ሲያጣምም በፎቶግራፍ እያስነሣ «የሙዚየም ድካም» የሚለውን ጉዳይ በማስረጃ አቀረበ። ሙዚየም የዋለ ሰው ወገቡን የሚያመው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1952 ደግሞ የአምስተርዳሙ ስቴዴሊክ ሙዚየም ገለጻውን በራዲዮ ሞገድ ወደ ጎብኚው ጆሮ ላከ።

ዤሮም ራሱ ከጓዳ የወጣው በ1972 ነው፤ በኦሃዮ የዴይተን የሥነ ጥበብ ተቋም ሥራዎቹን ሰብስቦ አሳየ። ስድስት ዓመት ቆይቶ «እባብ አጫዋቹ» ምዕራባውያን ምሥራቁን ዓለም የሚያዩበትን ዓይን የሚተቸው የኤድዋርድ ሰይድ «ኦሪየንታሊዝም» መጽሐፍ ሽፋን ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም አላገኘም።

በሥዕሉ ላይ አንድ ራቁቱን የሆነ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶን ይቆማል። በሰውነቱ ላይ ትልቅ እባብ ተጠምጥሟል፤ አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ዋሽንት ይነፋል። ፊት ለፊት ጦርና ሰይፍ የያዙ ሰዎች ሰማያዊ ሸክላ የለበሰ ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ። ከላይ የቁርኣን ጽሕፈት አለ። ሁሉም ከፎቶግራፍ የጠራ ነው። ችግሩ ያለው እዚሁ ጥራቱ ላይ ነው፤ ግድግዳው ከኢስታንቡሉ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት፣ ወለሉ ከካይሮ መስጊድ የተወሰደ ሲሆን፣ ሁለቱ የተገናኙት ፓሪስ በሚገኝ የሥዕል ክፍል ውስጥ ነው። ጎብኚ ብቻውን ቢቆም ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ጎበዝ አስጎብኚ ግን በሁለት ደቂቃ ጣቱን ከግድግዳው ወደ ወለሉ አውርዶ ያስረዳዋል።

የዝምታ ዋጋ በ1982 ታየ። በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ስለ ምሥራቁ ዓለም የተሣሉ የፈረንሳይ ሥዕሎች ሲታዩ፣ የካታሎጉ ጸሐፊ የፖለቲካውን ጥያቄ እንደማያነሣ አስቀድሞ ገለጸ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ሊንዳ ኖክሊን በ1983 በጻፈችው መጣጥፍ አጥብቃ መለሰች፦ ቅኝ ገዢው አውሮፓዊ በሥዕሉ ውስጥ የማይታየው ተመልካቹ ራሱ እርሱ ስለሆነ ነው፤ ጥራቱም ማታለያው ነው። ያ መጣጥፍ ከዐውደ ርእዩ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ሎስ አንጀለስ ያለው የጌቲ ሙዚየም በ2010 ከፓሪሱ ኦርሴና ከማድሪዱ ቲሰን-ቦርኔሚሳ ጋር ትልቅ የዤሮም ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ፣ ከካታሎጉ በተጨማሪ የምሁራን ክርክር የያዘ ሌላ መጽሐፍ ማሳተሙ ከዚህ የተማረ ይመስላል። ዶሃ የሚገኘው ማትሐፍ ሙዚየም ደግሞ የተወለደበትን 200ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ከ2024 ማብቂያ እስከ 2025 መጀመሪያ ባሳየው ትርኢት፣ ከሠዓሊው ሥራዎች ጋር የዘመኑን ፎቶግራፎችና ዛሬ ያሉ ሠዓሊያን የሰጡትን ምላሽ ደርቦ አቀረበ። በሥዕሎቹ የተሣለው የዓለም ክፍል ራሱ መልስ ሰጠ ማለት ነው።

ማንም የማያስረዳው የዤሮም ሥዕል ምን ሊሆን እንደሚችል የታየው በመሐሉ፣ በ2019 ነው። «አማራጭ ለጀርመን» የተባለው ፓርቲ «የባሪያ ገበያ» የሚለውን የ1866 ሥዕል በርሊን ውስጥ በምርጫ ፖስተር ላይ አትሞ በሙስሊሞች ላይ ጥላቻ ለመቀስቀስ ተጠቀመበት። የሥዕሉ ባለቤት የሆነው የማሳቹሴትሱ ክላርክ ተቋም ተቃውሞውን በደብዳቤ ገለጸ፤ የቅጂ መብት ዘመኑ ያለፈ በመሆኑ ግን የሚያስቆምበት ሕግ አልነበረውም።

ፓሪስ ያላችሁ ወይም በዚያ የምታልፉ አንባቢዎች፣ የ1847ቱ የአውራ ዶሮዎች ትግል ያለው ኦርሴ ሙዚየም ነው። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነጻ ነው፤ ቦታ ግን አስቀድማችሁ አስይዙ። ገለጻ ያለበትን ሰዓት ጠይቁና ያን ጊዜ ግቡ፤ ካልተስማማችሁበትም ተከራከሩ።