ብረት ይዘሽ ውጪ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የምነግራችሁ የአንዲት የሕፃን ጋሪ ነገር ነው።

ልጄ የተወለደችው ለኅዳር ጽዮን ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን የደረሰችው ከሳምንት በፊት ነበር፤ ሻንጣዋ በሶና የአጥሚት እህል ብቻ። ዋሽንግተን፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ ኮሎምቢያ ጎዳና ላይ፣ አንድ መኝታ ያላት ቤታችን በአንድ ጀንበር አራስ ቤት ሆነች። ገንፎ ተገነፋ፤ ትራሴ ሥር ቢላ ገባ። የሴት ክርስትና በ80 ቀን ነውና እማዬ በጣቷ ቆጥራ የካቲት 10 ላይ ደረሰች። «እስከዚያ ደጅ የሚባል ነገር የለም» አለች።

የሕፃናት ሐኪሙ ደግሞ በተቃራኒው ነው የመከረን። ብርዱ ካልከፋ፣ ነፋስ ከሌለ፣ ልጅቷን ከናንተ አንድ ልብስ ጨምራችሁ አልብሷት፤ ጥቂት ደቂቃ አየር ትቀበል አለን። ይህንን ለእማዬ ብነግራት፣ «እሱ አርሶ ያውቃል?» ብላ አሳቀችኝ።

ፀሐይ ማሞቁን ግን አልተወችም። ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ገላልጣ፣ ቅባት ቀብታ መስኮቱ ሥር ጭኗ ላይ ታስተኛታለች። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል እንጂ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ያስቀራል። ደጅም ቢሆን፣ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ፣ ዋሽንግተን ግን 39 ዲግሪ ገደማ ናት፤ በክረምት ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስለምትል ያ ጨረር እዚህ እምብዛም አይደርስም። የጡት ወተትም ቫይታሚኑ ጥቂት ነው። ስለዚህ በቀን 400 ዩኒት ጠብታ አዘዘላት። እማዬ ጠብታዋን አገላብጣ አየቻትና፣ «እዚህ አገር ፀሐይም በብልቃጥ ነው?» አለች።

ጥር ገባ። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ቀን ይተኛል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ይጨልማል። እኔ ሳላውቀው አራስ ነብር ሆኛለሁ፤ ማንኪያ ቢወድቅ እጮኻለሁ፤ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። አንድ ጠዋት እማዬ መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ከፍቼ ስነፈርቅ አገኘችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን አጣፋች። «ተነሺ። አራስ ብቻዋን አትወጣም፤ እኔ አለሁ። ብረት ይዘሽ ውጪ» አለችኝ።

«ጋሪው ብረት አይደለም እንዴ?»

ባንድ እጇ ብድግ አድርጋ መዘነችው። ዝም አለች።

ወጣን። ሦስት ዲግሪ ነው። እማዬ ጋቢዋን አውልቃ ጋሪውን ከላይ እስከ ታች ከደነችው። ሁለት መንገድ ሳንሻገር እጄን ሰድጄ የልጅቷን ማጅራት ብዳስስ በላብ ርሷል! እጇና እግሯማ ቀዝቃዛ ነው፤ የሕፃን ሙቀት የሚታወቀው በማጅራትና በደረት ነው። ጋቢውን ገለጥኩላት፤ አየር ገባ። እማዬም ማጅራቷን ዳሰሰች፤ ጋቢውን ወሰደችና ራሷ ደረበችው።

18ኛውን ጎዳና ይዘን ቁልቁል ወረድን። «የኛ ሰው የታለ?» አለችኝ። ምን ልበላት! እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የተሰደደው ሐበሻ መጀመሪያ የተከማቸው እዚሁ ነበር። በ1980ዎቹ «ቀይ ባሕር» እና «መስከረም» ምግብ ቤቶች የነበሩት በዚህችው ጎዳና ላይ ነው። ኪራይ ሲንር ሰው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደ። አራስ ጠያቂዬም በሙሉ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ እሑድ፣ መኪና ማቆሚያ ካገኘ።

«እና በአዘቦቱ ቀን ማን ይጠይቅሻል?»

መልስ አልነበረኝም። ካሎራማ ፓርክ ደረስን። አንዲት የኤልሳልቫዶር አሮጊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሪው ውስጥ ጎንበስ ብለው አዩና ፊታቸው በራ። እማዬ ደነገጠች፤ ዓይን! ሴትዮዋ ግን ጓንታቸውን አወለቁ፤ ልንካት ወይ ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ። በአገራቸው ሕፃን አይቶ ያደነቀ ሰው ካልነካው «ኦሆ» ይይዘዋል ይባላል፤ «ኦሆ» በእነሱ ቋንቋ ዓይን ነው። ይህንን ለእማዬ በሹክሹክታ ነገርኳት።

«አሃ! ያውቃሉ እኮ!» አለች።

ሴትዮዋ የልጅቷን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ነካ አደረጓት። እማዬ እንትፍ እንትፍ ብላ መረቀች። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጠች። እሳቸው በስፓኒሽ፣ እሷ በአማርኛ፣ ሃያ ደቂቃ አወሩ። እኔ በመሃል ተቀምጬ፣ ከስንት ቀን በኋላ፣ አራስ ጥየቃ ላይ ያለሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ሳልነሣ እማዬ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። ማታ ትራሴን ባነሣ ቢላው የለም። ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጋሪው ሥር ካለው ቅርጫት አገኘሁት።

«እማዬ! እዚህ አገር በቢላ ያስሩናል!»

«ምን ላድርግ ልጄ» አለች፣ ጋሪውን በእግሯ ገፋ እያደረገች። «ይኼ አሉሚኒየም ነው።»