ከራስ በላይ ነፋስ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በጣና ዳር መንገድ ላይ ሳይክሌን በዝግታ እየነዳሁ ሳለ አንድ ወጣት ቆሞ አለፈኝ። ቆሞ ስል በቁሙ ማለቴ ነው፤ አይራመድም፣ ፔዳል አይመታም፣ ሞተር የለውም። እጆቹን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ታንኳ ላይ እንደቆመ ሰው ዝም ብሎ ይፈሳል። ከእግሩ ሥር አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር አራት ለስላሳ ጎማዎች። ዘንባባ ጥላ ሥር ሲያርፍ ደረስኩበትና ዕቃው ምን እንደሚባል ጠየቅሁት። «ሎንግቦርድ ነው ጋሼ፤ የስኬትቦርድ ታላቅ ወንድም ይበሉት» አለኝ። ከአዲስ አበባ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ልጅ ነው።

የአስተማሪነት አመሌ አይለቀኝምና፣ «ታዲያ ራስህ ላይ ምነው ምንም የለ? ብትወድቅስ?» አልኩት። ልጁ ሳቀ። ንቀት የለበትም ሳቁ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ሳይክሌን አየና፣ «የእርስዎስ የታለ ጋሼ?» አለኝ።

የኔ እቤት፣ መጽሐፍ መደርደሪያዬ አናት ላይ ነው። ከተቀመጠ አራት ዓመት ሆነው። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም፤ «እኔማ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ብዬ ተሰናበትኩት። መልስ አይሉት መልስ! ይኸው እስካሁን ያብከነክነኛል።

ዕቃው አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለኔ ትውልድ አዲስ አይደለም። ስኬትቦርድ የተወለደው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። የባሕር ማዕበል ላይ በጣውላ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ማዕበል ያጡ ቀን አስፋልቱን ባሕር አደረጉት። እኛ ጎንደሮች ማዕበል አላየንም፤ ቁልቁለት ግን ነበረን። ኩሽኔታም ነበረን። ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ኩሽኔታ ለምነን፣ ወይም (እውነቱን ልናገርና) ሰርቀን፣ በአጣና ጫፍ ላይ እንሰካና በላዩ ሳንቃ እንመታለን። የፊተኛው አጣና መሃሉ ላይ በአንድ ቡሎን ብቻ ስለሚታሰር እንደ መሪ ይዞራል። ፍሬኑ የጫማችን ተረከዝ ነው፤ ጫማ ላለው። ብረቱ አስፋልቱን ሲፈጨው የሚወጣው ጩኸት ከሩቅ ሰፈር ይሰማ ነበር። ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ቀሃ ስንለቀው መንገደኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ እናቶች ያማትባሉ።

ከነዚያ ልጆች አንዱን ስሙን አልጠራውም። ከሁላችን ንባብ የሚችለው እሱ ነበር። አምስተኛ ክፍል ሳለን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያ የፊተኛው ቡሎን ተነቀለና የልጁ ራስ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተገናኘ። ብዙ ደም አልፈሰሰውም። እንዲያውም ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ሳቀብን። ማታ ላይ አስታወከው፤ ከዚያ ራሱን ሳተ። አልሞተም። ከወራት በኋላ ትምህርት ቤት ሲመለስ ግን ፊደሎቹ «ይንቀሳቀሱብኛል» ይል ጀመር፤ ሳይቆይም ትምህርቱን ተወ። ዛሬም በሕይወት አለ። ስንገናኝ ስቆ ያቅፈኛል፤ ስሜን ግን አንዳንዴ ከወንድሜ ስም ጋር ያምታታዋል።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «ዓይን በላው» ነበር ያለው። ነገሩ የገባኝ በጎልማሳነቴ ሳነብ ነው። ራስ ሲመታ በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ያለ የደም ሥር ሊበጠስና ቀስ እያለ ሊደማ ይችላል። ሰውየው ለሰዓታት ደህና ይመስላል፣ ይስቃል፣ ሱሪውን ያራግፋል። ደሙ እየተጠራቀመ አንጎሉን የሚጫነው በኋላ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ተማሪ ጮክ ብሎ ሲያነብ ያን ልጅ ሳላስብ የቀረሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በነገራችን ላይ የቃሉ ነገር ይገርመኛል። ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ጎሚስታ... ከመንኮራኩር ጋር የተያያዘው የመንገድ ቋንቋችን ብዙው ከጣልያን የተረፈ ነው። ራስን ለሚከልለው ዕቃ ግን «የራስ ቁር» የሚል የራሳችን ቃል አለን። ብዙዎቻችን የምናውቀው ከጳውሎስ የኤፌሶን መልእክት ነው። ቃሉን በስብከት እየሰማን አደግን፤ ዕቃውን ግን ያየ ማን ነበር? የጥንት ጀግኖቻችን እንኳ ራሳቸው ላይ ያደርጉ የነበረው የአንበሳ ጎፈር ነው፤ እሱ ደግሞ ግርማ ይሰጣል እንጂ ከጎራዴ አያስጥልም። ለራስ ክብር የለንም እንዳይባል፣ ከንጉሥ ቀጥሎ ያለውን ማዕረግ «ራስ» ያልን ሰዎች ነን። «ከራስ በላይ ነፋስ» እንላለን። ተረቱ ከራስ ጥቅም የሚቀድም የለም ለማለት ነው፤ የባሕር ዳር ሳይክል ነጂ ግን ቃል በቃል ተርጉሞታል፤ ከራሱ በላይ ያለው እውነትም ነፋስ ብቻ ነው።

ዛሬ የምናውቀው የሞተረኛ የራስ ቁር ታሪክ ከአንድ ደራሲ ሞት ጋር መያያዙ ደግሞ ለሙያዬ ያደላ ይመስለኛል። «የዐረቢያው ሎውረንስ» የተባለውን የ1962 እ.ኤ.አ. ፊልም ያየ ሰው፣ የሚጀምረው በሞተር ሳይክል አደጋ መሆኑን ያስታውሳል። አደጋው እውነተኛ ነው። «ሰባቱ የጥበብ ምሰሶዎች»ን የጻፈው ቲ.ኢ. ሎውረንስ ሜይ 13 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. (ፋሺስት ጣልያን መረብን ሊሻገር አምስት ወር ያህል ሲቀረው) በእንግሊዝ ገጠር መንገድ ላይ በሞተር ሲበር፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ድንገት ሁለት ልጆች አጋጠሙት። ሳይክል ላይ ነበሩ። እነሱን ለማዳን ሲል መሪውን አጠፈ፤ ተወረወረ። ከስድስት ቀን በኋላ ሳይነቃ ሞተ፤ 46 ዓመቱ ነበር።

ሊያድኑት ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የሚባል አውስትራሊያዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ነገሩን በልቡ ይዞት ከረመ። በ1941 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ባሉት 21 ወራት በብሪታኒያ መንገዶች ላይ 2,279 ሞተረኞችና ከኋላ የተፈናጠጡ ሰዎች መሞታቸውን ጻፈ። የራስ ቁር አድርገው የተጎዱ ያጋጠሙት ደግሞ ሰባት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ሰባቱም ድነዋል። የጦር ሠራዊቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ መልእክተኛ ሞተረኞቹን የራስ ቁር አስገደደ። ሲቪሉን ለማስገደድ ግን የብሪታኒያ መንግሥት እስከ 1973 ቆየ። ኬርንስ በ1952 አርፏል፤ አላየውም። በኋላ የመጡት ጥናቶች የሚሉትም ከሱ ብዙ አይርቅም። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር፣ የራስ ቁር የሞተረኛን የመሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ስፖርተኛውስ ብትሉ፣ እሱ ከኛ የባሰ ግትር ነበር። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በዚያ ዘመን የብስክሌት ተወዳዳሪ ራሱን ከለለ ከተባለ የቆዳ ጉዝጓዝ ቁራጮች ነበሩ። የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር በ1991 ደንብ ሊያወጣ ሲል ተወዳዳሪዎቹ አድመው አስጣሉት። ደንቡ የጸናው በ2003 አንድሬ ኪቪሌቭ የተባለ የካዛኪስታን ተወዳዳሪ በፈረንሳይ ውድድር ላይ ባዶ ራሱን ወድቆ ከሞተ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ውድድሩ ተራራ ላይ የሚያልቅ ከሆነ በመጨረሻው አቀበት ማውለቅ ይፈቀድ ነበር፤ ይሞቃላ! በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ ሲሆን ባዶ ራሱን የሚነዳ አንድም አልነበረም።

ወደ ባሕር ዳር ልመለስ። ይህች ከተማ የሳይክል ከተማ የሆነችው በአዋጅ አይደለም፤ መሬቷ ሜዳ ስለሆነ ነው። በ1950ዎቹ ከጣልያን የጦር ካሣ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና በሶቪየቶች እርዳታ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ ሲተከሉ፣ ሰፊ ጎዳና፣ ዘንባባና የፈረቃ ሠራተኛ አንድ ላይ መጡ። እኔ ለማስተማር ስመጣ እንኳ የፈረቃ ሰዓት ላይ የሳይክሉ ጎርፍ መንገድ አያሻግርም ነበር። ባል ይነዳል፣ ሚስት ከኋላ፣ ሕፃን ከፊት፣ ዶሮ መሪው ላይ ተንጠልጥላ። ያን ጊዜ መኪና ጥቂት ነበርና የወደቀም አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። በኋላ ባጃጁ መጣ፤ መኪናው መጣ፤ ሞተር ሳይክሉ መጣ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው፤ የልብ ያደርሳል።

ሕጉስ? ለሞተር ሳይክል አለ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ነጂው የራስ ቁር እንዲያደርግ አዝዞ ነበር። አፈጻጸሙን መንገድ ላይ እናየዋለን። የራስ ቁሩ ክርን ላይ ተንጠልጥሎ ይሄድና ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ወደ ራስ ይወጣል። ክርኑን ምን ያህል ቢወደው ነው? ከኋላ የሚፈናጠጠው ደግሞ የሌላ ሰው ላብ ያለበትን ማጥለቅ ይጠየፋል፤ «ቆረቆር ልያዝ እንዴ?» ይላል፤ ሹሩባ የተሠራችውማ ጨርሶ አታስበውም። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ሞተር ላይ የሚወጣ ሁሉ ያድርግ፤ ያላደረገ ይቀጣ።

ስለ ሳይክሉና ስለዚያ ልጅ ጣውላ ግን እንደዚህ አፌን ሞልቼ አልናገርም። አውስትራሊያ ውስጥ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በጁላይ 1990 ሳይክል ነጂን ሁሉ የራስ ቁር ስታስገድድ የተጎዳ ራስ ቀነሰ፤ ነገር ግን ሳይክል የሚነዱ ወጣቶችም ቀነሱ። የቱ የቱን እንደቀነሰ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሆላንዶች ባዶ ራሳቸውን ይነዳሉ፤ መንገዳቸው ከመኪና ስለተለየ ጠባቂያቸው መንገዱ ነው። የሲያትል ከተማ ያለችበት አውራጃ ቅጣቱ ቤት አልባውንና ጥቁሩን እየለየ ስለሚመታ በ2022 ሕጉን ሰረዘ። እኔም የምፈራው ይህን ነው። በአሮጌ የቻይና ሳይክል በሌሊት ወደ ግንባታ ሥራ የሚሄደውን የቀን ሠራተኛ አስቡት። ሳይክሉ ተይዞበት ቢውል የዕለት እንጀራው ተያዘ ማለት ነው። ስለዚህ ፖሊስ አላዝበትም። የራስ ቁር ግን ቀልድ አይደለም፤ ከ64 ሺህ በላይ የተጎዱ ሳይክል ነጂዎችን ያካተተ የ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት የራስ ጉዳትን በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሎንግቦርድ ደግሞ ሰውየው ቆሞ ነው የሚወድቀው፤ ሲወድቅም ወደ ኋላ ነው፤ ማጅራት ደግሞ እጅ አይደርስለትም።

«ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ስንት ያየን ሰዎች ስለ ራስ ቁር እናውራ?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። ሰው በጥይት በሚሞትበት አገር ስለ ሳይክል አወዳደቅ መጻፍ ቅንጦት ነው ባይ ነው። አልፈርድበትም። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል። ሞት በብዛት ሲመጣ ትንሿን ሞት መናቅ እንለምዳለን፤ ያ ልጅ ያጣው ንባብ ግን ለእናቱ ትንሽ አልነበረም።

የኔን ነገር ልጨርስ። የራስ ቁሩን የላከልኝ ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ሦስት ቀን አደረግሁት። በሦስተኛው ቀን ጊዮርጊስ አካባቢ ከቆሙት የባጃጅ ልጆች አንዱ፣ «ጋሼ፣ ጦርነት አለ እንዴ?» ሲል ሁሉም ሳቁ። ወቅቱ 2014 ዓ.ም. ነበር፤ ጦርነት በእርግጥ ነበረ። እኔም ሳቅሁና እቤት ስገባ መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት። ለካ አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው በአንዲት ቀልድ ይፈታል።

ያን ቅዳሜ ከልጁ ተለይቼ እቤት ስገባ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ባለቤቴ የጥልፍ ክሯን አስቀምጣበት ኖሯል። «ምን ሊሆንህ ነው?» አለችኝ። ክሩን ወደ ቅርጫት አዛወርኩና አጠለቅሁት። ማሰሪያው አጥሮብኛል፤ ወይ እኔ ወፍሬአለሁ። ሰኞ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ባለቤቴ ታላላልኛለች።