ሐኑካ በልጆች አፍ ገባ

ጎንደር ሳለን እኛ አይሁዶች ሐኑካ የሚባል በዓል አልነበረንም። ፋሲካ ነበረን፣ ማእረር፣ ብርሃን ሠረቀ፣ አስተስርዮ፣ በዓለ መጸለት፣ ስግድ፣ የአስቴር ጾም ጭምር ነበረን። ሐኑካ ግን ከኦሪት በኋላ የመጣ ነው። ይሁዳ መቃቢስና ወንድሞቹ ቤተ መቅደሱን አስለቅቀው መልሰው የመረቁት፣ ሐኑካም የሚያስበው ይህንኑ ምረቃ፣ ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ164 ዓመት ነውና፣ በዓሉ ልማድ ሆኖ እኛ ዘንድ አልደረሰም። «መጽሐፈ መቃብያን በአገራችን አለ አይደል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አለ፤ ዳሩ ግን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው መቃብያን ጺሩጻይዳን ስለሚባል ንጉሥ የሚተርክ ሌላ መጽሐፍ ነው። የሐኑካን መብራት እዚያ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

እኛ የመጣነው በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስራኤል ሲገባ የእኛም ቤተሰብ አብሮ ገባ። መስከረም ጠብቶ፣ ስግድን አክብረን ወር ሳይሞላን፣ ታናሽ ወንድሜ ከጋን፣ ማለትም ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ የጠርሙስ ክዳን በእንጨት ላይ የተለጠፈበት ሐኑኪያ፣ የሐኑካ መቅረዝ፣ ታቅፎ መርከዝ ክሊታው፣ ማለትም የአዲስ መጤዎች መቀበያው፣ ውስጥ ወዳለችው ክፍላችን መጣ። ስምንት ክዳን በአንድ መስመር፣ ዘጠነኛው ከፍ ብሎ ለሻማሹ፣ ለለኳሹ ሻማ። ከእሱ ጋር ዘፈንም ይዞ ነበር። ዕብራይስጥ ከእኛ አንዳችንም በወጉ አንችልም፤ እሱ ግን ስለ ሰቪቮን፣ ስለምትሾረው ባለ አራት ፊት መጫወቻ፣ ያለ አንድ ግድፈት ይዘፍናል። አራቱ ፊደላት «ታላቅ ተአምር እዚህ ሆነ» የሚለውን እንደሚያመለክቱም ነገረን። በሌላ አገር የሚሠራው ላይ «እዚያ ሆነ» ነው የሚለው። አባቴ «እዚህ» የሚለውን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ መጫወቻዋን ተቀብለው አገላብጠው አዩአት።

እንግዲህ በዓሉ ቤታችን የገባው በልጅ አፍ ነው። ቄስ አላዘዘው፣ ረቢ አልሰበከው። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አልነበረም። በአገር ቤት ዜማ የመስጊዱ ነው፤ ጸሎት ቤታችንን የምንጠራው እንደዚያ ነው። ቄሶች በግዕዝ ይመራሉ፣ ሌላው ይቀበላል፣ በበዓል ቀን ነጋሪትና ቃጭል ይመታል። ሴትና ሕፃን በማጀት መብራት ከብበው የእግዚአብሔርን ነገር አብረው ያዜማሉ የሚባል ነገር ሰምተንም አናውቅ። አባቴ ደብተራ ነበሩና ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲዘፈን አፋቸውን ገጥመው ይቀመጡ ነበር። አይቆጡም፤ አይቀበሉም።

እነዚያ ዘፈኖች ከጥንት ጀምረው የነበሩ ይመስሉን ነበር። በኋላ ሳነብ ነው ብዙዎቹ ከአያቶቻችን ዕድሜ የማይበልጡ መሆናቸውን የተረዳሁት። የሰቪቮኑን ግጥም የጻፈው ሌቪን ኪፕኒስ ከዩክሬን የመጣ የልጆች ደራሲ ነው። «ጨለማን ልናባርር መጣን» የተባለውን የጻፈችው ሳራ ሌቪ-ታናይ ደግሞ ከየመናውያን ወላጆች የተወለደች የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች፤ ዜማውን አማኑኤል አሚራን ሠራው፤ እሷ ኋላ ኢንባል የተባለውን የውዝዋዜ ቡድን መሠረተች። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ልጆቻቸው በአዲሱ ቋንቋ የሚዘፍኑት ቢያጡ ቁጭ ብለው ጻፉላቸው ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በእነዚህ ዘፈኖች ፊት የእንግድነት ስሜቴ ቀለለኝ። ዘፈኖቹም እንደኛው መጤዎች ናቸው።

ሆኖም በዚሁ በሌቪ-ታናይ ዘፈን አንድ ቅሬታ አለኝ። ልጆቹ ክፍሉ ጨልሞ መብራት ይዘው ይቆማሉ፣ እግራቸውን መሬት ይመታሉ፣ ጨለማውን ከነጥቁረቱ ውጣ ይሉታል። ልጄ አራት ዓመቷ ላይ ከጋን መጥታ «የሚያባርሩት እኔን ነው?» አለችኝ። የሌሊቱን ጨለማ ነው አልኳት፤ እጇን አየት አድርጋ ዝም አለች። አስተማሪዋ ስነግራት ደነገጠች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ አስባው አታውቅም። ዘፈኑ ይከልከል ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ዜማው ያምራል፣ ጸሐፊዋም ጥቁር ሰው ልታሳዝን አልተነሣችም። ግን የእኛ ልጆች ባሉበት ክፍል የምታዘፍን አስተማሪ አስቀድማ ሁለት ቃል መናገር አለባት። ይህን ያህል መጠየቅ ብዙ አይደለም።

ከልጆቹ ዘፈን ቀጥሎ የመጣው ማዖዝ ጹር የተባለው መዝሙር ነው። ይህኛው እውነትም የቆየ ነው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ ይነገራል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት አንጓዎች መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ መርዶክዮስ የሚል ስም ይወጣቸዋል። የተለመደው ዜማ የጀርመን አገር አይሁዶች ነው፤ ሰባት ድምፅ ባለው ስልት የተሠራ ነው። እናቴ ስታዜመው ሌላ መልክ ይይዛል። የእኛ ጆሮ በትዝታ የተቃኘ፣ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው። በመጀመሪያው ስንኝ ዜማው ከፍ ሲል የሚያርፍባት አራተኛዋ ድምፅ አለች፤ እናቴ እሷን ፈጽሞ አትረግጣትም፤ ወይ ትዘልላታለች ወይ ተንሸራታ ታልፋታለች። ትምህርት ቤት የተማሩት የልጅ ልጆቿ ሊያርሟት ሞከሩ፤ ተዉት። አሁን ግማሾቹ እንደሷ ነው የሚያዜሙት፤ እኔም የምወደው ያንኑ ነው።

ሻማው ሲበራ የሚባል «ሃኔሮት ሃላሉ» የሚሉት አጭር ንባብ አለ፤ ብዙ ቤት ይዜማል። ፍሬ ነገሩ እነዚህ መብራቶች የተቀደሱ ስለሆኑ ልናያቸው እንጂ ልንሠራባቸው አይፈቀድም ማለት ነው፤ ሻማሹ ለብቻው የሚቆመውም ለዚህ ነው። እናቴ ደግሞ መብራት በበራበት ሥራ ፈት የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ጥጧን አውጥታ፣ እንዝርቷን ይዛ ከሻማው አጠገብ መፍተል ጀመረች። የወንድሜ ልጅ «ሳፍታ፣ አሱር!» ብሎ ጮኸ፤ አያቴ፣ ክልክል ነው ማለቱ ነው። እሷም እንዝርቷን ሳታቆም «እንግዲያው ለምን ሊረባ በራ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ግን ከዚያ ወዲህ ሻማው እስኪያልቅ ጥጡን ታስቀምጣለች፤ ቡናውንም ከሻማው በኋላ ነው የምታቀርበው።

የከበደው ዓርብ ነበር። በአገር ቤት ሰንበት ሊገባ ሲል እሳት ይጠፋል፤ በሰንበት እሳት አታንድዱ የሚለውን የኦሪት ቃል አባቶቻችን ሲጠብቁ የኖሩት እንደዚያ ነው። ምግቡ ቀዝቅዞ ይበላል፣ ቤቱ በጨለማ ያድራል። በሐኑካ ሳምንት ዓርብ ግን ሻማው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለኮስና ከጨለመም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲነድ ረጅም ሻማ ወይም ብዙ ዘይት ይደረግለታል። እዚህ አገር ያለው ሥርዓት አስቀድሞ የተለኮሰ እሳት ቢቀጥል አይከለክልም። አባቴ ይህን በጆሮአቸው ተቀበሉት፣ በዓይናቸው አልቻሉትም። ነበልባሉ ሰንበት ከገባም በኋላ ሲነድ እያዩ መቀመጥ አቃታቸው፤ ሌሎቻችን ስንዘፍን ተነሥተው ሰገነት ላይ ይቆማሉ። ማንም ግቡ አላላቸውም፤ እናቴ ብቻ ጋቢያቸውን ታወጣላቸዋለች።

የአባቴን ዝምታ የፈታው ጎረቤት ነው። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰብ አንድ ማታ ጠሩን። በእነሱና በሌሎቹ የምሥራቅ አይሁዶች ቤት ሻማው ከተለኮሰ በኋላ ዋናው የሚባለው 30ኛው የዳዊት መዝሙር ነው፤ ርእሱ ስለ ቤት ምረቃ ይናገራል። ታናሽ ወንድሜ ሲዱሩን፣ የጸሎት መጽሐፉን፣ ተቀብሎ ስለ ምን እንደሆነ በአማርኛ ለአባቴ ሹክ አላቸው። ከጉድጓድ ስለ ወጣ ሰው የሚያመሰግን መሆኑን ሲሰሙ «ይኼማ የኛው 29ኛው ነው» አሉ። በግዕዙ ዳዊት ቁጥሩ በአንድ ያንሳል። ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ ያለ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በግዕዝ አወረዱት። የቤቱ ጌታ አንዲት ቃል አልገባውም፤ ሲጨርሱ ግን «አሜን» ብሎ እጃቸውን ሳመ። ከዚያ በኋላ አባቴ ሐኑካን «የዳዊት በዓል» ይሉት ጀመር። ማንም አላረማቸውም።

ዛሬ በእኛ ቤት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቡራኬው፣ በመጀመሪያው ማታ ሦስት፣ በሌሎቹ ሁለት፤ ቀጥሎ ሃኔሮት ሃላሉ፤ ቀጥሎ ማዖዝ ጹር በእናቴ ዜማ፤ ከዚያ የልጆቹ ዘፈን ሁሉ እንደመጣላቸው፤ በመጨረሻ ዳዊቱ በግዕዝ። ዓርብ ዕለት ብቻ ዳዊቱ ከሻማው ይቀድማል፤ አባቴ ሲጨርሱ ወደ ሰገነታቸው ይወጣሉ። ሱፍጋኒያው፣ ያ በዘይት የተጠበሰው ባለ ማርማላታ ዳቦ፣ አይቀርም፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም፣ ጣፋጭነቱ ይበዛል።

ግዕዙን በቃላቸው የያዙ ቄሶቻችንና ደብተራዎቻችን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ቤታችሁ ዳዊት የሚደግም አባት ወይም አያት ካለ፣ በዘንድሮው ሐኑካ የመጀመሪያ ማታ 29ኛውን እንዲያደርስላችሁ ለምኑት፣ በስልካችሁም ቅዱት። የልጆቹን ዘፈን ጋኑ ያስተምራል፤ ይህን ግን ከእናንተ በቀር የሚያስተምራቸው የለም።