የቪዲዮ ጌም ነጥብ፦ ማን ይሰጠዋል፣ ምንስ ይለካል?

አንድ የቪዲዮ ጌም ለሽያጭ በሚቀርብበት ሰሞን ጌሙን አስቀድመው የተጫወቱ ገምጋሚዎች አስተያየታቸውን በመጽሔትና በድረ ገጽ ያወጣሉ። በአብዛኛው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ቁጥር ይቀመጣል፤ ከ10 ነጥብ 8፣ ከ100 ነጥብ 84 ወይም ከ5 ኮከብ 4። ገዥ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት፣ ነጋዴ ዕቃ ከማዘዙ በፊት፣ አንዳንድ አሳታሚ ኩባንያም ለጌሙ ሠሪዎች ጉርሻ ከመክፈሉ በፊት ይህንኑ ቁጥር ይመለከታል።

ኮንሶል የሚባለው ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ በእጅ መቆጣጠሪያ የሚሠራ የመጫወቻ መሣሪያ ነው። የሶኒ ፕሌይስቴሽን፣ የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ እና የኔንቴንዶ ስዊች በዓለም ገበያ ላይ በስፋት የሚታወቁት ናቸው። ወጣቶች በየጨዋታው እየከፈሉ የእግር ኳስ ጌም የሚጫወቱባቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች በሀገራችን ከተሞችም እንግዳ አይደሉም። ለእነዚህ ቤቶች ባለቤትም ኾነ ለልጁ ዲስክ ለሚገዛ ወላጅ፣ ነጥቡ የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ ማወቅ የኪስ ጉዳይ ነው።

ግምገማው ከየት መጣ?

ለቪዲዮ ጌም ብቻ የተዘጋጀው የመጀመሪያው የአሜሪካ መጽሔት «ኤሌክትሮኒክ ጌምስ» ለንባብ የበቃው እ.አ.አ በ1981 ነበር። ይሁንና በዚያ ዘመን ብዙው ገዥ ጌም የሚመርጠው በካርቶኑ ላይ የተሳለውን ሥዕል ወይም የታወቀ የፊልም ስም አይቶ ነው። ጉዳቱ የታየው በ1983 ነው። አታሪ የተባለው ኩባንያ «ኢ.ቲ.» በተሰኘው ፊልም ስም በአምስት ሳምንት ገደማ አሠርቶ ለገና ገበያ ያደረሰው ጌም በብዛት ሳይሸጥ ቀረ። ኩባንያው የተከማቹበትን ካርትሪጆች በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበራቸው። ከ31 ዓመታት በኋላ፣ በ2014፣ ቦታው ተቆፍሮ የተወሰኑት ወጥተዋል።

ጥፋቱ የአንድ ጌም ብቻ አልነበረም። ገበያው በተቻኮለና ጥራት በጎደለው ምርት ተጥለቅልቆ ስለነበር በ1983 ወደ 3 ነጥብ 2 ቢሊዮን ዶላር ይገመት የነበረው የአሜሪካ የቤት ውስጥ ጌም ገቢ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አሽቆለቆለ። ክፉውና ደጉ ዘር በአንድ ዓይነት ከረጢት ታሽጎ ሲሸጥ አንድ ክረምት የከሰረ አርሶ አደር በቀጣዩ ዓመት ከሁሉም ከረጢት እንደሚሸሽ ሁሉ፣ የጌም ገዥውም ከነመደርደሪያው ራቀ።

በጃፓን ነገሩ በሌላ መልክ ሄደ። በ1986 የተመሠረተውና ኋላ ላይ «ፋሚትሱ» በሚል ስም የታወቀው መጽሔት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ የአመዛዘን ሥርዓት አለው። አራት ገምጋሚዎች አንዱን ጌም ይጫወታሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ድምሩ ከ40 ይያዛል። የመጀመሪያውን 40 ከ40 ያገኘው በ1998 የወጣው የኔንቴንዶ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ኦካሪና ኦፍ ታይም» ነው። የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም የአራቱ ሰዎች ነጥብ ለየብቻ መታተሙ ነው። 9፣ 9፣ 6 እና 6 ያገኘ ጌም ድምሩ 30 ነው፤ 8፣ 8፣ 7 እና 7 ያገኘውም እንዲሁ 30 ነው። የመጀመሪያው ገምጋሚዎቹን ለሁለት የከፈለ ጌም ሲኾን ሁለተኛው ሁሉንም በመጠኑ ያስደሰተ ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን ልዩነት አያገኘውም።

አማካዩ እንዴት ይሠራል?

ልዩነቱን በዓለም ደረጃ የሸፈነው አማካይ ቁጥር ነው። በ2001 ሥራ የጀመረው የአሜሪካው ድረ ገጽ «ሜታክሪቲክ» ከብዙ የመገናኛ ብዙኃን የተሰበሰቡ ግምገማዎችን ወደ 100 እየመነዘረ አንድ አማካይ ያወጣል። 75 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ጌም አረንጓዴ፣ ከ50 እስከ 74 ያለው ቢጫ፣ ከ50 በታች የኾነው ቀይ ቀለም ይሰጠዋል። ስሌቱ ተራ አማካይ አይደለም፤ ለአንዳንድ መገናኛ ብዙኃን የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ ግን ድረ ገጹ አይገልጽም።

ምንዘራው ራሱ ችግር አለበት። ከ5 ኮከብ 3 የሰጠ ገምጋሚ «ደህና ነው፣ ዘርፉን የሚወድ ሊሞክረው ይችላል» ማለቱ ሊኾን ይችላል። ሦስቱ ኮከብ ወደ 100 ሲመነዘር 60 ይኾናል። በጌም ዓለም ደግሞ 60 እንደ ውድቀት ይቆጠራል፤ ምክንያቱም ከ10 የሚሰጡ ብዙ ገምጋሚዎች በተግባር የሚጠቀሙት ከ6 እስከ 10 ያለውን ብቻ ነው። በመኾኑም «መካከለኛ» የነበረው ቃል ወደ ቁጥር ሲገባ «መጥፎ» ኾኖ ይወጣል።

ነጥብ የምርትን ዋጋ ሲወስን ማየት ለቡና አምራች አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ቡና ስፔሻሊቲ ለመባል በቀማሾች ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ማግኘት አለበት። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2020 የተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድርም የቆመው በዚሁ ቅምሻ ላይ ነው። ነገር ግን በዚህ ውድድር ቀማሹ ናሙናውን የሚያውቀው በኮድ ነው፤ የማን ማሳ እንደኾነ አይነገረውም። የጌም ገምጋሚ ግን ጌሙን ማን እንደሠራው ያውቃል፤ ማስታወቂያውን ለወራት ሲያይ ከርሟል፤ ቅጂውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከአሳታሚው እጅ ነው። ስለዚህ ሁለቱ «84 ነጥቦች» አንድ ዓይነት ሚዛን ላይ የወጡ አይደሉም።

አንዲት ነጥብ የጎደለችበት ክፍያ

የአማካዩን ጉልበት ከምንም በላይ ያሳየው «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» የተሰኘው ጌም ነው። ጌሙን የሠራው ኦብሲዲያን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሲኾን ያሳተመው ቤዘስዳ ነው። በጥቅምት 2010 ለገበያ ቀርቦ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል። ከኦብሲዲያን መሥራቾች አንዱ የኾነው ክሪስ አቬሎን በ2012 በይፋ እንደገለጸው፣ ድርጅቱ ተጨማሪ ክፍያ ያገኝ የነበረው ጌሙ በሜታክሪቲክ 85 ቢደርስ ነበር። የደረሰው 84 ላይ ነው፤ ክፍያውም ቀረ።

ገምጋሚዎቹ ነጥብ የቀነሱበት ምክንያት ነበራቸው፤ ጌሙ ሲወጣ ይቆም፣ ይደናቀፍም ነበር። ታሪኩንና አጻጻፉን ግን ብዙዎቹ አድንቀዋል። ከእነርሱ አንዱም ቢኾን 8 ወይም 8 ነጥብ 5 ሲጽፍ የሰው ደመወዝ እየወሰንኩ ነው ብሎ አልጻፈም። ለአንባቢ ምክር እንዲኾን የተሰጠ ቁጥር በሌሎች ሰዎች ውል ውስጥ ገብቶ መስፈሪያ ኾነ። እዚህ ላይ ተጠያቂው ገምጋሚው ሳይኾን በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎችን ግምት በአንዲት ነጥብ ልክ ሊቆርጥ የፈለገው የውል አሠራር ነው።

ግፊቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይመጣል። በኅዳር 2007 ጌምስፖት በተባለው ድረ ገጽ ይሠራ የነበረው ጄፍ ገርስትማን «ኬን ኤንድ ሊንች» ለተባለው ጌም ከ10 ነጥብ 6 ሰጠ። በዚያው ሰሞን ድረ ገጹ በዚሁ ጌም ማስታወቂያ ተሸፍኖ ነበር። ገርስትማን ከሥራ ተሰናበተ፤ የስንብቱ መነሻ ከማስታወቂያ ደንበኞች ቅሬታ ጋር የተያያዘ መኾኑንም በ2012 በይፋ ተናግሯል።

አንድ ስም፣ ሁለት ጌም

ከገዥ አንጻር ትልቁ ወጥመድ ሌላ ቦታ ነው። ነጥብ የሚሰጠው በአንድ መሣሪያ ላይ፣ በአንድ ወቅት ለተሞከረ ቅጂ ነው፤ በካርቶኑ ላይ ያለው ስም ግን ለሁሉም መሣሪያ አንድ ነው።

በእግር ኳስ ወዳጆች ዘንድ የታወቀውን «ፊፋ 21»ን እንውሰድ። በ2020 በፕሌይስቴሽንና በኤክስቦክስ የወጣው ጌም የዓመቱን ለውጦች ይዞ ነበር። ለኔንቴንዶ ስዊች የተሸጠው «ሌጋሲ ኤዲሽን» ግን የተጫዋቾች ዝርዝርና መለያ ከመታደሱ በቀር የቀደመው ጌም ነበር። አይጂኤን የተባለው ድረ ገጽ ለስዊቹ ቅጂ ከ10 ነጥብ 2 ሰጠው። ከነጥቡ ይልቅ የሚገርመው ጽሑፉ ነው፤ ድረ ገጹ ለ«ፊፋ 20» የስዊች ቅጂ ያወጣውን ግምገማ መልሶ አተመው። ኩባንያው ያንኑ ጌም ከሸጠ እኛም ያንኑ ግምገማ እናቀርባለን እንደማለት ነው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት «ሳይበርፐንክ 2077»ን አወጣ። ኩባንያው ከሽያጩ ቀን በፊት ለገምጋሚዎች የላከው ለኮምፒውተር የተዘጋጀውን ቅጂ ብቻ ነበር። ከጌሙ ውስጥ ራሳቸው የቀረጹትን ተንቀሳቃሽ ምስል በመጀመሪያው ግምገማ እንዳያሳዩም ከልክሏል። ጠንካራ ኮምፒውተር የነበራቸው ገምጋሚዎች ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ፤ አማካዩም ወደ 90 ተጠጋ። ቀድሞ ከፍለው የጠበቁ የፕሌይስቴሽን 4 ባለቤቶች ዲስኩን ሲከፍቱ ያገኙት ግን የሚንተባተብ፣ ሥዕሉ የሚደበዝዝ፣ በየጊዜው የሚዘጋ ጌም ነበር። የፕሌይስቴሽን 4 ቅጂ ለብቻው ሲገመገም አማካዩ ከ60 በታች ወረደ። ሶኒ በሳምንቱ ገደማ ጌሙን ከበይነ መረብ መደብሩ አንሥቶ ገንዘብ መመለስ ጀመረ፤ ወደ መደብሩ የተመለሰው በሰኔ 2021 ነው። የኩባንያው ኃላፊዎችም ይቅርታ ጠይቀዋል።

ጌሙ ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ማሻሻያ ታድሷል፤ በተለይ የ2023ቱ ማሻሻያ በአዲሶቹ ኮንሶሎች ላይ በእጅጉ ለውጦታል። በግምገማው ሥር ያለው የ2020 ነጥብ ግን አልተለወጠም። እንግዲህ አንድ ነጥብ ለአንዱ ገዥ ከእውነቱ በላይ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚመጣው ደግሞ ከእውነቱ በታች ኾኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

የተጫዋቾችስ ነጥብ?

ገምጋሚውን ያላመነ ሰው ወደ ተራ ተጫዋቾች ነጥብ ይዞራል። እርሱም የራሱ ደዌ አለበት። በሰኔ 2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት ቱ» ከገምጋሚዎች 93 አማካይ ሲያገኝ፣ ከተጠቃሚዎች ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ10 ነጥብ 4 እንኳ አልሞላለትም። ጌሙን ለመጨረስ ከ20 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል፤ ከነጥቦቹ ብዙዎቹ ግን የተሰጡት ጌሙ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ነበር። በታሪኩ አቅጣጫ የተቆጡ ሰዎች ሳይጨርሱት፣ ምናልባትም ሳይነኩት ዜሮ ሞሉበት። ሜታክሪቲክ ከዚህ በኋላ ተጠቃሚዎች አንድ ጌም ከወጣ 36 ሰዓት ሳይሞላ ነጥብ እንዳይሰጡ አደረገ። ነገር ግን የተጠቃሚ ቅሬታ ሁሉ ከንቱ አይደለም። ብዙ ሰው «ይዘጋብኛል»፣ «ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቀኛል» ብሎ ሲጽፍ ገምጋሚው በሦስት ቀን ያላየውን እየተናገረ ሊኾን ይችላል።

አንዳንድ ጸሐፍት ከቁጥሩ ለመገላገል ሞክረዋል። የእንግሊዙ ዩሮጌመር በ2015 ነጥብ መስጠት አቁሞ «ይመከራል» ወይም «ይቅርባችሁ» በመሰሉ ቃላት ተካው፤ በ2023 ግን አምስቱን ኮከብ መልሶ አመጣ።

ዲስክ ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል የሚባለው በመጀመሪያ ግምገማው የተሠራው በራሱ መሣሪያ ላይ መኾኑን ማየት ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው የፕሌይስቴሽን 5 ግምገማ አንብቦ ቢገዛ የገዛው ሌላ ጌም ሊኾን ይችላል። ቀጥሎ ከቁጥሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ፣ በተለይም ነጥብ የተቀነሰበትን ምክንያት ማንበብ ይገባል። ታሪኩ ቀዘቀዘብኝ ብሎ ሁለት ነጥብ የቀነሰ ገምጋሚ፣ ሁለት ኾነው ኳስ ለሚጫወቱ ደንበኞች ቤት ለከፈተ ሰው ምንም አልነገረውም፤ መቆጣጠሪያው ይዘገያል ያለው ግን ዋናውን ነገር ነግሮታል።

ሌላው ለእኛ አካባቢ የሚብሰው የበይነ መረብ ጉዳይ ነው። ገምጋሚው ብዙ ጊዜ የሚጫወተው በሽያጩ ቀን የሚለቀቀው ማሻሻያ ከተጫነበት በኋላ ነው። ማሻሻያው በአስር ጊጋባይቶች ሊመዘን ይችላል። ዲስኩ ውስጥ ያለው ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ያልታረመው ቅጂ ነው፤ በይነ መረብ በሌለበት ወይም ዋጋው በሚከብድበት ቦታ ደንበኛው የሚጫወተውም እርሱኑ ነው። ሻጩ ዘንድ ከመክፈል በፊት ዲስኩ ያለ በይነ መረብ ይከፈት እንደኾነ፣ ከተከፈተም ምን ያህሉ ክፍል እንደሚሠራ በዚያው ቆሞ አስከፍቶ ማየት ይቻላል፤ ይህን የሚመልስ ነጥብ በየትኛውም መጽሔት ላይ የለም።