ኅዳር ሲታጠን፦ ወጣቱን የጨረሰው ጉንፋንና ቀዳዳው ጋሻ

ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን። ጭሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ታሪኩን ግን እየረሳነው ነው።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ። የ26 ዓመቱ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ታመው ለጥቂት ተረፉ።

ዕድሜያቸውን ልብ በሉ። ኢንፍሉዌንዛ በሌላ ጊዜ የሚበረታው በሕፃንና በአዛውንት ላይ ነው። ያኔ ግን በዓለም ዙሪያ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጉልበታም ሰው ነበር በብዛት የጨረሰው።

ክትባት አልነበረም። ቫይረሱ ከሰው ተለይቶ የታወቀው ገና በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር በወጣት ሠልጣኞቹ ላይ ክትባቱን ሞክሮ ጥሩ ውጤት አገኘ። በ1947 ግን ቫይረሱ መልኩን ለወጠና ክትባቱ ከሸፈ። ዛሬም በየዓመቱ የሚታደሰው ለዚህ ነው።

ታዲያ ወጣቱን ምን ያህል ይጠብቃል? ኮክሬን የተባለው ተቋም ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው፣ በአንድ ወቅት ካልተከተቡ 1,000 ጤናማ ጎልማሶች 23ቱ በኢንፍሉዌንዛ ሲያዙ ከተከተቡት 9 ብቻ ይያዛሉ። ከግማሽ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። በሌላ በኩል አንድ ሰው ለማዳን 71 ሰው መከተብ አለበት። ጋሻ ነው፤ ግን ቀዳዳ አለው።

ይህ ስሌት ወልቂጤንና ቡታጅራን ይመለከታል። ለመስቀል የአዲስ አበባው ወጣት በታጨቀ አውቶቡስ አገሩ ይገባል፤ አያቶቹን ይስማል። እሱ ሦስት ቀን አስሎት ይለቀዋል፤ አያቱን ግን ሊጥላቸው ይችላል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ደግሞ በአገራችን መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የለም።

በእኔ እምነት፣ ክትባቱ ሲመጣ ተራው መጀመሪያ የአዛውንቶች፣ የነፍሰ ጡሮች፣ የልብና የስኳር ሕሙማን እንዲሁም የጤና ባለሙያዎች ነው። ጤነኛው ወጣት ኋላ ይሰለፍ፤ እስከዚያው ሲያስለው ጉዞውን ያዘግይ።

ሁለተኛው ሥራ መቁጠር ነው። የ1911ን ሟች በግምት ነው የምናውቀው። ቡታጅራ ግን በ1986 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው የጤና ፕሮግራም ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘገብባት የኖረች ናት። ልምዱ እጃችን ላይ አለ። ቀጣዩን ወረርሽኝ በጭስ ብቻ አንጠብቀው።