የንስር ኔቡላ በጠባብ ማጣሪያና በኢንፍራሬድ

የንስር ኔቡላ ከመሬት 6,500 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኝ፣ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። «የፍጥረት ምሰሶዎች» የሚባሉት ዓምዶቹ በዓለም ዙሪያ የታወቁት ሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1995 ባነሳው ፎቶግራፍ ነው።

ያ ፎቶግራፍ እንደ ተራ የቀለም ፎቶ በአንድ ጊዜ የተነሳ አይደለም። በአቅራቢያው ያሉ ግዙፍ ከዋክብት ጨረር ጋዙን ሲመታው እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ የሞገድ ርዝመት ይፈካል፤ ሃይድሮጂን በ656፣ ኦክስጅን በ501፣ ድኝ (ሰልፈር) በ672 ናኖሜትር አካባቢ። ጠባብ ማጣሪያ ከእነዚህ አንዱን ብቻ አሳልፎ የቀረውን ብርሃን ይከለክላል። ባለሙያዎቹ በየማጣሪያው የተነሱትን ምስሎች ለድኝ ቀይ፣ ለሃይድሮጂን አረንጓዴ፣ ለኦክስጅን ሰማያዊ ቀለም ሰጥተው አዋሐዷቸው። በዓይን ቢታዩ ግን ሃይድሮጂኑም ድኙም ቀይ ናቸው። በዚህ ምክንያት ምስሉን ሐሰተኛ የሚሉ አሉ። ነገር ግን ቀለሙ የትኛው ጋዝ የት እንደሚገኝ የሚያመለክት እንደ ካርታ ያለ መግለጫ ነው።

የጠባብ ማጣሪያ ድካም አቧራው ነው። ምሰሶዎቹ ጥቁር መስለው የሚታዩት አቧራው የሚታየውን ብርሃን ስለሚጋርድ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ሰማያዊው ብርሃን በአየር ውስጥ ተበትኖ ቀዩ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ከቀይም የረዘመ ሞገድ ያለው ቅርብ ኢንፍራሬድ አቧራውን ይበልጥ ዘልቆ ያልፋል። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በዚህ ብርሃን ያነሳው፣ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ምስል ምሰሶዎቹን ከፊል ብርሃን አስተላላፊ፣ ዙሪያቸውንም በከዋክብት የተሞላ አድርጎ አሳይቷል። ያም ሆኖ በአካባቢው ያለው ጋዝና አቧራ ከበስተጀርባ ያሉትን ጋላክሲዎች ሸፍኗቸዋል።

በግል ቴሌስኮፕም ሁለቱን መሞከር ይቻላል። በብርሃን በተጥለቀለቁት የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ጠባብ ማጣሪያ ይመረጣል፤ ከ3 እስከ 7 ናኖሜትር ስፋት ብቻ የሚያሳልፈው ማጣሪያ አብዛኛውን የመንገድ መብራት ያስቀራል። የሚያልፈው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ ግን እያንዳንዱ ምስል ደቂቃዎችን ይፈልጋል፤ በጠቅላላው ሰዓታት ይወስዳል። ቴሌስኮፑም የሰማዩን ዙረት እየተከተለ መንቀሳቀስ አለበት። ኔቡላው በምሽት ጎልቶ የሚታየው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት ነው። ሙቀት የካሜራውን ምስል ስለሚያንዣብብበት ማቀዝቀዣ ያለው የሥነ ፈለክ ካሜራ ይመከራል። ተራ ካሜራ ግን ኢንፍራሬድን የሚከለክል፣ ከሃይድሮጂኑም ቀይ ብርሃን አብዛኛውን የሚያስቀር ማጣሪያ ከፋብሪካው ተገጥሞለት ይመጣል።

በኢንፍራሬድ የሚጠበቀው ውጤት ልከኛ ነው። የእነዚህ ካሜራዎች ሲሊከን ወደ 1,000 ናኖሜትር ሲቃረብ ብርሃን የመቀበል አቅሙ ይዳከማል፤ የዌብ ቅርብ ኢንፍራሬድ ካሜራ ግን እስከ 5,000 ናኖሜትር ያያል። የጋዙ ፍካት ደብዝዞ ቀድሞ የተጋረዱ ከዋክብት ብቅ ይላሉ እንጂ ምሰሶዎቹ አይገለጡም። በሌንስ ቴሌስኮፕ የሚሠራ ሰው ወደ ኢንፍራሬድ ማጣሪያ ሲቀይር የምስሉን ጥራት እንደገና ማስተካከል ይኖርበታል፤ በመስተዋት ብቻ የሚሠራው ቴሌስኮፕ ሁሉንም ቀለም በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚሰበስብ ይህ ችግር የለበትም።